ድንቅቱ ያልሰጠቻቸው ስሞች

ቡራዩ ውስጥ ፎቶ አንሺዋን ድንቅቱን የማያውቅ ጥቂት ነው። የሚያገባም፣ ፓስፖርት ያሰበም፣ ልጁን ክርስትና ያስነሣም እሷ ጋ ይሄዳል። ስሟን ያስጠራው ግን ሰርጉና ጉርድ ፎቶው ሳይሆን ሚያዝያ ሃያ ሰባት ነው። በጠላት ጊዜ ጫካ ገብተው የተዋጉ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በየዓመቱ በዚያ ቀን ሣጥን ይከፍታሉ። የአባታቸውን የአንበሳ ጎፈር ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ለምዱን ደርበው፣ ጥይት አልባውን ዝናር ወገባቸው ላይ አስረው ገፈርሳ ግድብ አጠገብ ካለው መስክ ላይ ይሰበሰባሉ። ድንቅቱም በዚያ ልብስ ታነሣቸዋለች።

ሥራውን የጀመረችው በ1998 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፣ በሰው ፎቶ ቤት ተቀጥራ ነበር የምትሠራው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን አራት ሽማግሌዎች ከነለምዳቸው በሩ ላይ መጡ። ባለቤቱ ሙሽሮች እየጠበቀ ነበርና ገና ሳይገቡ እጁን ዘርግቶ አገዳቸው።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በዚህ ልብስ አይሆንም። ይሸታል። ሙሽሮቹ ይሸሹብኛል» አላቸው።

ከአራቱ ረጅሙ ኦቦ ኢቲቻ ይባላሉ፤ የገፈርሳው መስክ ባለቤት ናቸው። ጎፈራቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩ። ድንቅቱ ጓዳ ሆና ይህን ሁሉ ሰምታለች። ትርፉን ካሜራ ከመደርደሪያው አንሥታ ስትወጣ ባለቤቱ «ወዴት ነው?» አላት።

«ላነሣቸው ነው።»

«ካሜራውን አስቀምጪ።»

«ካነሣኋቸው በኋላ አስቀምጠዋለሁ።»

አራቱን በቆርቆሮው አጥር ላይ አስደግፋ አነሣቻቸው። ካሜራውንም እንዳለችው መልሳ አስቀመጠችው። በሳምንቱ ከሥራ ተባረረች፤ ብዙም አልደነቃት።

ፎቶውን አሳጥባ ገፈርሳ ድረስ በእግሯ ይዛ ሄደች። ኦቦ ኢቲቻ ከደጃቸው ካለው ግንድ ላይ አስቀምጠዋት ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አሉ በመጨረሻ። «አባቴ ባላምባራስ ቱሉ ናቸው። ከጫካ ሲመለሱ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጠጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወርዶ፣ ይሄን ለምድ ደርበው በር ላይ ሲቆሙ አውሬ መስሎኝ አልጋ ሥር ገባሁ። እስኪሞቱ ድረስ ይስቁብኝ ነበር። ፎቶ ግን አልነበራቸውም፤ አንድም። ዛሬ አየኋቸው። ገለቶሚ ኢንታላ ኮ፣ አመሰግናለሁ ልጄ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ድንቅቱ ለዚህ ሥራ የራሷን ልማድ አበጀች። ማንንም ፈገግ በል አትልም። ከማንሣቷ በፊት ልብሱ የማን እንደነበር ትጠይቃለች። በአንድ ወፍራም ደብተር በግራው ገጽ የለባሹን ስምና ሰፈር፣ በቀኙ ገጽ የልብሱን የጥንት ባለቤት ስም ትጽፋለች። በ2001 ዓ.ም. የራሷን ፎቶ ቤት ስትከፍትም ደብተሩ አብሯት ገባ። አጠገቧ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊዋ ጥሩዬ ነበረች። ጥሩዬ ከከምባታ መጥታ ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ በኋላ የራሷን የስፌት መኪና የገዛች ጴንጤ ናት። «እኔ የሰው ልጅ በሰይፍና በጦር ሲኩራራ አልወድም» ትላለች፤ ሆኖም የተበሳውን ለምድ የምትጥፈው፣ ብል የበላውን ገበር የምትቀይረው፣ ለወጣቶቹም በድሮው ልክ እጀ ጠባብ የምትሰፋው እሷው ነበረች። ደብተሩ ውስጥ ልኬታቸው ስላለ ብዙ ጊዜ እሷ ጋ ይውል ነበር።

በ2007 ሚያዝያ ላይ ድንቅቱ በሕይወቷ ትልቁን ፎቶ አነሣች። አሥራ አንድ ሰዎች መስኩ ላይ በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ የመጀመሪያው ኦቦ ኢቲቻ ናቸው። ሦስቱ መቀርቀሪያቸው የወለቀ ውጅግራ ጠመንጃ ይዘዋል። ከሱሉልታ የመጡት ወይዘሮ ብዙነሽ የእናታቸውን ሰፊ ቀበቶ ታጥቀዋል። ጫፍ ላይ የቆመው የኦቦ ኢቲቻ የልጅ ልጅ ገመቺስ ነው፤ የሃያ ስድስት ዓመት የሂሳብ አስተማሪ፣ የቅድመ አያቱን ወንድም ለምድ ደርቦ። ድንቅቱ ፎቶውን አስፋፍታ፣ ፍሬም አስገብታ፣ ከመንገዱ እንዲታይ መስታወቱ ላይ ሰቀለችው።

ክረምቱ እንዳለፈ በኦቦ ኢቲቻ መስክ ላይ የቀያሽ ችካል ተተከለ። ማን እንደተከለው የነገራቸው አልነበረም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያስተሳስራል የተባለው ማስተር ፕላን ወሬው ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ሰውን ሲያምስ ቆይቶ ነበር፤ ችካሉ ሲመጣ ወሬነቱ ቀረ። በ2008 ኅዳር የተማሪው ሰልፍ ከትምህርት ቤት ወደ መንገድ ወጣ። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ተኩስ ተሰማ። ገመቺስ ከተማሪዎቹ ጋር ወጥቶ ነበር። ሁለት ባልደረቦቹ ሲያዙ እሱ በጓሮ አልፎ ጫንጮ፣ አክስቱ ቤት ገባ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ረፋዱ ላይ፣ ሦስት ሰዎች ድንቅቱ ፎቶ ቤት ገቡ። አንዱን ታውቀዋለች። ሳህሉ ይባላል፤ የሰፈሯ ልጅ ነው፣ ሰርጉን ያነሣችለት እሷው ናት፣ አሁን ግን የጸጥታ ሥራ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱን አታውቃቸውም። በዕድሜ የሚበልጠው መስታወቱ ላይ ወደተሰቀለው ፎቶ ጠቆመ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«የአርበኛ ልጆች። ሚያዝያ ሃያ ሰባት የተነሣ ነው።»

«መሣሪያ ይዘዋል።»

«መቀርቀሪያ የለውም። ቀርበህ እየው።»

«ስማቸውን ትሰጪናለሽ። ዋናውን ፎቶም፣ ሌሎች ያነሣሻቸውንም።»

«ሰው እኔን አምኖ ነው ፊቱን የሚሰጠኝ» አለች ድንቅቱ። «ለራሱ ለባለቤቱ ካልሆነ አልሰጥም።»

ሳህሉ በእጁ የበሩን መዝጊያ ይዞ ቆሞ ነበር። «ድንቅዬ፣ ነገር አታክርሪ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። እሷ ግን ፊትም አልሰጠችው።

ቤቱን በረበሩት። ፎቶውን ከነፍሬሙ፣ ካሜራዋን፣ ኮምፒውተሩን ወሰዱ። ደብተሩን አላገኙትም። ከሁሉም በኋላ እሷን ራሷን መኪና ላይ ጫኗት።

ጣቢያ ውስጥ አንድ መርማሪ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። መጀመሪያ ሳህሉን ጠሩት። ገመቺስና ሳህሉ ባንድ ሜዳ ኳስ እየተራገጡ ያደጉ ናቸው፤ ድንቅቱ ይህን ታውቃለች። ሳህሉ ጎንበስ ብሎ ፎቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«ጎፈሩ ፊታቸውን ሸፍኖታል» አለ። «ከገጠር የመጡ ይሆናሉ። አላውቃቸውም።»

ይህንን ብሎ ወጣ። ለምን እንዲህ እንዳለ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ እሷም እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም።

መርማሪው ጣቱን በረድፉ መጀመሪያ ላይ አሳረፈ። «ይሄ ማነው?»

ድንቅቱ ጣቱ ያረፈበትን ፊት አየች። ፈርታ ነበር፤ በኋላ ስታወራው አልደበቀችም። ከአፏ የወጣው ግን ፍርሃቱ ያዘዘው አልነበረም።

«ባላምባራስ ቱሉ» አለች።

«ይሄስ?»

«ግራዝማች ሮቢ።»

«ሴትዮዋ?»

«ወይዘሮ አስካለ።»

«ይሄ ጫፍ ላይ ያለው፣ ወጣቱ?»

«እሱም የባላምባራስ ቱሉ ቤት ነው። የወንድማቸው፣ የዱባለ ለምድ።»

መርማሪው አገሩ እዚያ አካባቢ አልነበረም። ስሙን እየተቀበለ አሥራ አንዱንም ጻፈ። «ማዕረግ በዚህ ዘመን?» ብሎ ቀና አለ።

«የተሰጣቸው ነው።»

«የት ነው የሚገኙት?»

«ባላምባራስና ዱባለ ገፈርሳ። ግራዝማች ሮቢ ሆለታ መንገድ ላይ። ወይዘሮ አስካለ ሱሉልታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ።»

አንዲት ቃል አልዋሸችም። ሰዎቹ ሁሉም ያለችው ቦታ ነበሩ።

በአራተኛው ቀን መርማሪው ጫማው በአቧራ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሁለት ቀን ሙሉ ከመንደር መንደር ዞሯል። የጠየቀው ሰው ሁሉ በአክብሮት ተቀብሎ፣ «አዎ፣ እዚህ ናቸው» እያለ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወስዶ መቃብር አሳይቶታል። ሱሉልታ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት የመቃብሩን ሣር እየነቀሉ ስለ እናታቸው ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጫውተውታል። ፎቶው ውስጥ ከነቀበቷቸው የቆሙት እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ እሱ አላወቀም፤ ነጠላ ለብሰው ነው ያያቸው።

«ትቀልጅብናለሽ?» አለና በጥፊ መታት።

ድንቅቱ ጉንጯን አልያዘችም። «የልብሱን ባለቤቶች ነው የነገርኩህ። ይሄ ፎቶ የሚነሣው ለነሱ ነው።»

«የለበሱትስ?»

«የለበሱትን አልነግርህም።»

«አላውቃቸውም ልትይ ነው?»

«አውቃቸዋለሁ። ሁሉንም። ግን አልነግርህም።»

ከዚያ በኋላ አላወቅሁም፣ አላየሁም የሚል መሸሸጊያ አልቀረላትም፤ ራሷ ዘግታዋለች። አርባ አንድ ቀን አሰሯት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠሯታል፤ ጥያቄው ያው፣ መልሱም ያው ነው። ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ተማሪ። ተራ ገብተው ነበር የሚተኙት። ጥር ሲገባ ማስተር ፕላኑ መቅረቱ በጠባቂው ሬዲዮ ተነገረ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሚፈታቸው ሰው ግን በዚያም ቀን በማግስቱም አልመጣም። ድንቅቱ የተለቀቀችው በጥር አጋማሽ ነው፤ ክስም ይቅርታም የለም፣ «ሂጂ» ብቻ።

ስትወጣ ፎቶ ቤቷ ውስጥ ሌላ ሰው ሞባይል ይጠግናል። ቤት አከራይዋ እንዲያስለቅቋት ተነግሯቸው ኖሮ ዐይኗን ማየት ከበዳቸው። ጥሩዬ የራሷን ክፍል በመጋረጃ ከፍላ «ይቺ ያንቺ ናት» አለቻት። ደብተሩንም አወጣችላት። ፈታሾቹ የመጡ ዕለት ጥሩዬ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ጋር በቦርሳዋ ይዛው ጸሎት ቤት ነበረች። ስትመለስ ነገሩን ሰምታ ከቦርሳዋ ሳታወጣው ቀረች፤ አርባ አንድ ቀን አብሯት ውሎ አድሯል።

«ካገኙት ምን ትያለሽ?» አለቻት ድንቅቱ።

«የሥራ ደብተሬ ነው እላለኋ። ውሸት ነው እንዴ? የሁሉም ደረት ስንት ሴንቲ እንደሆነ ተጽፎበታል።»

ካሜራው ግን አልተመለሰላትም። ለመጠየቅ አምስት ጊዜ ሄዳ አምስት ጊዜ «ነገ ነይ» ተባለች። መጋቢት አለቀ፣ ሚያዝያ ገባ። ሳህሉ መንገድ ላይ ቆም አድርጎ «ዘንድሮ እዚያ መስክ አትውጪ፤ እኔም ሁለተኛ ላተርፍሽ አልችልም» አላት። ድንቅቱ ቤቷ ገብታ መጋረጃውን ስባ ተቀመጠች። ካሜራ የለኝም፣ ታዲያ ለምን እሄዳለሁ፣ አለች ለራሷ። ለጥሩዬም እንደዚያው ነገረቻት። ጥሩዬ የስፌት መኪናዋን ማሽከርከሯን ቀጠለች።

ከሚያዝያ ሃያ ሰባት አምስት ቀን ቀድሞ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከገፈርሳ የመጣ ሚኒባስ ከበራቸው ፊት ለፊት ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ እጁን ሲዘረጋ ኦቦ ኢቲቻ ወረዱ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጎፈሩን ደፍተው፣ ለምዱን ደርበው፣ ዝናሩን ታጥቀው ነበር። በኬላው አልፈው፣ ተፈትሸው፣ በሰው መሐል ተቀምጠው መጥተዋል። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እሳቸው ገብተው ጥሩዬ ያቀረበችላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ?» አሏት ድንቅቱን።

«ደህና ነኝ አባቴ። እንዴት በዚህ ልብስ መጡ? ቢይዙዎትስ?»

«ኬላው ላይ ወታደሩ ምንድነው ይሄ አለኝ። ልብስ ነው አልኩት። ልብስ መሆኑን አይቶ አሳለፈኝ።» ትንሽ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንሺኝ።»

«ካሜራ የለኝም። ወስደውብኛል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ በምን ላንሣዎት?»

«ያኔ አጥር ላይ ስታነሺንም ካሜራው ያንቺ አልነበረም» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «የልጅ ልጄን ስም አርባ አንድ ቀን አፍሽ ውስጥ ይዘሽ ወጥተሻል። አሁን መስኩ ባዶ ሆኖ ቢውል ያን ሁሉ ለምን ቻልሽው? እኛ እንመጣለን። አንቺ ካልመጣሽ ቆመን እንመለሳለን።»

ድንቅቱ ጫማዋን አጠለቀች።

በዚያው ዕለት ሰበታ ወረደች። ታመነ የሚባል የቪዲዮ ባለሙያ ነበር፤ አንድ ሁለት ሰርግ አብረው ሠርተዋል። ነገሩን ሰምቶ ካሜራውን ከነሻንጣው አወጣና «ከተያዝሽ ሰርቃብኛለች ነው የምለው» አላት።

«በል» አለችው። «እኔም ሰረቅሁት እላለሁ።»

ሚያዝያ ሃያ ሰባት ጠዋት መስኩ ላይ የመጡት ሃያ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እንደ ሌላው ዓመት ቢሆን ሰባ ሰማንያ ይሆኑ ነበር። ጠመንጃ የያዘ የለም፤ ሰበብ እንዳይሆን ሁሉም ቤቱ ትቶታል። ችካሎቹ አሁንም እንደተተከሉ ናቸው። ድንቅቱ ሰዎቹን በችካሎቹ መካከል አቆመቻቸው፣ ችካሎቹን ሸሽተው እንዳይቆሙ አደረገች። ሁለተኛውን ፎቶ ስታነሣ ከመንገዱ አንድ ፓትሮል ቆመና አንድ መኮንን ከሁለት ወታደሮች ጋር በሣሩ ላይ እየመጣ ቀረበ።

«የምን ስብሰባ ነው?»

«ስብሰባ አይደለም» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «ፎቶ ነው።»

«ፈቃድ አላችሁ?»

«መሬቱ የኔ ነው፤ ልብሱ የአባቴ ነው። ፈቃድ የምጠይቀው ከማን ነው?»

መኮንኑ ወደ ድንቅቱ ዞረ። «ማንሣቱን አቁሚ።»

ድንቅቱ ዐይኗን ከካሜራው አላነሣችም። «ጥላህ ፎቶው ውስጥ ገብቷል» አለችው። «ትንሽ ወደዚህ በል።»

ሰውየው ምን እንደነካው እንጃ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። እሷም ሦስተኛውንና አራተኛውን አነሣች። ከዚያ በኋላ ነው መኮንኑ የተቆጣው። ሰዉን ተበተኑ አለ፤ ስሟን ጻፈ፤ ካሜራውን አምጪ ሲላት ሃያ ሦስቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ መጥተው ዙሪያዋን ቆሙ። ማንም እጁን አላነሣም። ከነጎፈራቸው ቆሙ ብቻ። መኮንኑ አንዴ ሰዎቹን፣ አንዴ መንገዱ ላይ የቆመውን ፓትሮል አየ። በመጨረሻ «በአምስት ደቂቃ ውስጥ እዚህ ሰው እንዳላይ» ብሎ ተመለሰ። ድንቅቱ ካሜራውን ሻንጣው ውስጥ ከተተች፤ ወይዘሮ ብዙነሽም ክንዷን ይዘው ከመስኩ አወጧት።

አራቱ ፎቶዎች ታጠቡ። ካሜራው ለታመነ ተመለሰ። ገመቺስ በክረምቱ ከጫንጮ መጣ፤ ሥራውን አጥቶ ነበር፣ በኋላ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ድንቅቱም ቀን ቀን ከጥሩዬ ጋር እየሰፋች አሮጌ ካሜራ ለመግዛት በቃች።

የሚቀጥለው ዓመት የባሰ ነበር። በመስከረም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ሰው መሰብሰብ ተከለከለ። ሚያዝያ ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ ዘንድሮስ በእርግጥ አይቻልም ብለው ላኩባት። በዚህ ጊዜ ግን መጋረጃ ስባ አልተቀመጠችም። ደብተሩን ገልጣ የግራውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበበች።

«ሰው አይሰብሰብ ነው ያሉት አይደል?» አለቻት ጥሩዬን። «ደግ። አይሰብሰብ። እኔ እዞራለሁ።»

ዞረችም። በሚኒባስ፣ በባጃጅ፣ ባጃጅ በማይገባበትም በእግሯ፣ ቤት ለቤት ሄደች። ቡራዩ አሥራ አራት፣ ሰበታ ዘጠኝ፣ ሱሉልታና ጫንጮ አሥራ ሦስት። በኬላዎቹ ሁሉ ሻንጣዋ ተፈተሸ። «ፎቶ አንሺ ነኝ፤ የቤተሰብ ፎቶ ላነሣ ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። እያንዳንዱ በገዛ በሩ ላይ፣ ብቻውን፣ የአባቱን ወይም የእናቱን ልብስ ለብሶ ቆመላት። ኦቦ ኢቲቻ መቆም አቅቷቸው ስለነበር ተቀምጠው አነሣቻቸው፤ በሐምሌ ዐረፉ።

የመጨረሻው ቤት ሱሉልታ፣ የወይዘሮ ብዙነሽ ነበር። ዝናብ አባርቶ ደጁ ጭቃ ሆኗል። ሴትየዋ የእናታቸውን ቀበቶ ታጥቀው ወጡና አንድ ጊዜ ወደ መንገዱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ድንቅቱ አዩ። ከመንገዱ ማዶ የቆሙ ሁለት ፖሊሶች ወደነሱ ይመለከቱ ነበር።

«ያያሉ» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

«ያያሉ» አለች ድንቅቱ።

«በሩን ዘግተን ውስጥ ይሻል ይሆን?»

«ውስጥ ብርሃን የለም።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ደጁ ላይ ለቆመች ጎረቤት ሰጡ። ቀበቶው በደንብ እንዲታይ ወገባቸውን ቀና አድርገው ጭቃው መሐል ገብተው ቆሙ።